የእሳት እራት ክንፍ ሰፍቻለሁ፤ ፌስቲቫሉ ላይ ያዘልቀኛል ወይስ ጉድ ያደርገኛል?

ባለ ክንፏ፦

እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከ5 ሳምንት በኋላ በሕይወቴ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ልሄድ ነው። ሜዳ ላይ ነው፣ 3 ሌሊት፣ ከምሽት እስከ ንጋት። ትኬት የገዛን ቀን ጓደኞቼ "ምን እንልበስ?" ሲሉ ሳላስበው "እኔ የእሳት እራት ነው የምሆነው" ብዬ ቁጭ። በቃ ተያዘብኝ። አሁን እነሱ ሐሳባቸውን ቀይረው በቲሸርትና በቁምጣ ሊሄዱ ነው፣ እኔ ደግሞ ክንፉን ሰፍቼ ጨርሻለሁ።

ክንፉ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚወርድ ስስ ቡናማ ጨርቅ ነው። ቅርጹን እንዲይዝ ጠርዙ ላይ ሽቦ አስገብቼበታለሁ። በሽቦው ዙሪያ በሁለቱም ክንፍ ተደምሮ 120 ትንንሽ አምፖል ያለው የኤልኢዲ ጥብጣብ በማጣበቂያ ለጥፌበታለሁ። ሁለቱንም ስዘረጋቸው ከግድግዳ ግድግዳ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸውም (ክፍሌ ጠባብ ነው ግን)። ጭንቅላቴ ላይ ከላባ የሠራሁት አንቴና አለ። ከሥር አንድ ወጥ የሆነ ጥብቅ ቱታ። መብራት አጥፍቼ መስታወት ፊት ስቆም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ራሴን ወድጄዋለሁ።

አሁን ግን ፍርሃት ፍርሃት እያለኝ ነው። እንዲህ ለብሶ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ ወይስ ብቻዬን የልጆች ልደት ላይ የተቀጠርኩ አዝናኝ ልመስል ነው? ክንፉስ ሌሊቱን ይችላል? መብራቱስ? ደግሞ ሰዎች ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው የሚደረድሩት የፕላስቲክ ዶቃ ምንድን ነው፣ ገዝቼ መሄድ አለብኝ? ያላችሁን በሉኝ። አትሳቁብኝ ግን። እሺ፣ ትንሽ ሳቁ።

እማማ ቴክኖ፦

ልጄ፣ ብቻሽን አትሆኚም፣ እሱን እርሺው። ላስ ቬጋስ የሚደረገው ኤሌክትሪክ ዴይዚ ካርኒቫል ላይ ብትሄጂ ባለ ክንፉ ከመብዛቱ የተነሳ ዞር ብሎ የሚያይሽም ላታገኚ ትችያለሽ። ቤልጅየም ቱሞሮውላንድ ላይ ደግሞ የአገሩን ባንዲራ እንደ ካባ የደረበ ሰው ነው ዓይን የሚሞላው። ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል።

ግን ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1988 እና 1989 እንግሊዝ ውስጥ አሲድ ሃውስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲነሳ የሰው ልብስ ሰፊ ቲሸርት፣ ሰፊ ሱሪና ስኒከር ነበር፣ ቲሸርቱ ላይ ያቺ ቢጫ ፈገግታ። ጭፈራው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ሰው እስኪነጋ አይቀመጥም። ከዚያ በፊት ብዙ ክለብ በር ላይ ዘንጠሽ ካልመጣሽ አትገቢም ነበር፣ እነዚህ ልጆች ግን ዘናጭነቱን ትተው ላብ የሚችል ልብስ መረጡ። በኋላ በ1990ዎቹ አሜሪካ ላይ ሱሪው እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ጫማ ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ሆነ፣ ጫፉ ወለል እየጠረገ ያድራል። ፀጉራሙ የእግር ሹራብም እዚያው መንደር ያደገ ነው። እና እኔ ልብስ ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ ይህን ለብሰሽ 8 ሰዓት ትጨፍሪያለሽ ወይ?

ስለ ክንፉ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ስለ ጫማሽ አንድ ቃል አልነገርሽንም። እኔ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ምን ልታደርጊ ነው?

ባለ ክንፏ፦

እማማ፣ እ... ቡትስ። ሶሉ ወፍራም። አዲስ ነው፣ እስካሁን ከካርቶኑ አልወጣም።

እማማ ቴክኖ፦

ዛሬ ይውጣ! ቤት ውስጥ አድርገሽው ዋዪ፣ ሳህን ስታጥቢም፣ ስትጠርጊም። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ሌሊት ተረከዝሽን ውሃ ካስቋጠረው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌሊት አለቀልሽ፣ ክንፍ ኖረሽም አልኖረሽም። ካልሲሽ ላብ ይዞ የማይቀር ይሁን፣ ጥጥ ከራሰ በኋላ እግር ይፈትጋል። በየሌሊቱ ቅያሪ ያዢ።

ሽቦና ሊድ፦

ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ነው።

120 አምፖል ብለሻል። እያንዳንዷ ቀለም የሚቀያይር በ5 ቮልት የሚሠራ ዓይነት ከሆነች በሙሉ ነጭ ስትበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ትወስዳለች። አባዢው። ከ7 አምፔር በላይ ነው። ተራ ፓወር ባንክ በ5 ቮልት የሚሰጠው 2 ወይም 3 ነው፣ ስለዚህ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ገመዱ ይግላል። መስታወት ፊት ለ5 ደቂቃ መብራቱ አያታልልሽ። አንድ ቀለም ብቻ አድርጊው፣ ድምቀቱን ወደ ሲሶ አውርጂው። ያኔ ከ1 አምፔር በታች ትሆኛለሽ፣ 10 ሺህ ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚለው ፓወር ባንክ 7 ሰዓት ገደማ ይወስድሻል። 10 ሺህ ተብሎ የተጻፈው በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልት ነው፣ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከ6 ሺህ ብዙ አይዘልም፣ እሱን እንዳትቆጥሪው። ጨለማ ውስጥ ሲሶ ድምቀት ይበቃል፣ እንዲያውም ከሙሉው ያምራል፣ ዓይን አይወጋም።

አሁን ዋናው ጣጣ። መብራቱ የሚሞተው በባትሪ አይደለም፣ ኮንታክት በማጣት ነው። እጅሽን ባነሳሽ ቁጥር ሽቦው ብብትሽ ጋ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ እንደገና ይታጠፋል። በሊድ (ሽቦ በሚያያይዘው ቀላጭ ብረት) የተበየደበት ቦታ መታጠፍ አይችልም፣ እዚያው ላይ ቀጭ ይላል። ስለዚህ ብየዳው በፍጹም መታጠፊያ ላይ አይረፍ። ወደ ጀርባሽ አምጪው። ከጀርባ ወደ ክንፉ የሚሄደውን ገመድ ላላ አድርገሽ ተይው፣ አንድ ጣት የሚያሾልክ ቀለበት ያህል ትርፍ ይኑረው። የተበየደውን በሙቅ ማጣበቂያ ሸፍኚው። ጥብጣቡን ራሱን ግን በማጣበቂያ አትመኚው፣ ላብና እንቅስቃሴ ሲመጣ ይለቃል። በየአራት ጣቱ በክር ከጨርቁ ጋር ያዢው። መርፌው የመዳብ መስመሩን እንዳይነካ፣ በጥብጣቡ ላይ ዞረሽ እሰሪው እንጂ አትብሺው።

ፓወር ባንኩ ወገብ ላይ በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ሥጋሽን እንዳይነካ። ከቱታው ውስጥ ወሽቀሽው ከሞቀ መች ታወጪዋለሽ? ሽፋን የሌለው ራቁቱን የሆነ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ልብስ ውስጥ እንዳታስገቢ። ያንቺ ነገር ስሙ ራሱ የእሳት እራት ነው፣ ስምሽን እንዳታገኚ።

ይህ ሁሉ ከከበደሽ ክር የሚመስለው የሚያበራ ሽቦ አለ። ቀጭን ነው፣ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፣ ለስፌት ምቹ ነው። ብርሃኑ ግን ደካማ ነው፣ የባትሪውን ኃይል የሚቀይርለት ኢንቨርተርም "ጢጢጢ" የሚል ቀጭን ድምፅ አለው። ባስ ውስጥ አይሰማሽም፣ ድንኳንሽ ውስጥ ግን ያሳብድሻል።

ጥቁር በጥቁር፦

ተቃራኒ ሐሳብ ይፈቀዳል?

እኔ 10 ዓመት ጥቁር ቲሸርት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ ነው የምለብሰው፣ አንድም ሌሊት ኮንታክት አጥቼ አላውቅም። በርሊን በርጋይን የሚባለውን ክለብ አስቡት። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሕንፃው ድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር። በሩ ላይ የስልክሽን ካሜራ በስቲከር ይሸፍኑታል። ፎቶ የለም። አብዛኛው ሰው የሚለብሰው ጥቁር ነው፣ ጨለማው ውስጥ ማንም ልታይ ልታይ አይልም፣ ሙዚቃውን ይሰማል። ፎቶ ከሌለ ክንፍ ስንቱ ይለብሳል? እስቲ እውነቱን እንነጋገር።

ደግሞ ባለፈው ፊቴ የቆመች አንዲት ባለ ክንፍ ዲጄውን 2 ሰዓት ሙሉ ጋርዳኝ አመሸች። በዞረች ቁጥር ሽቦው ቅንድቤን ይስመኛል። አንድ ጊዜ ዓይኔን ለጥቂት ሳተኝ። ቂም ይዣለሁ፣ አልደብቅም።

የዶቃ ልጅ፦

@ጥቁር በጥቁር፣ ስለ ሽቦው አንተ ነህ ትክክል፣ ሽቦው ይውጣ። ስለ ሌላው ግን አልስማማም። የፈረንሳይ ሙዚቀኞቹ ዳፍት ፐንኮች በ2001 የሮቦት ቆብ አጥልቀው ሲመጡ ለምን ይመስልሃል? ሰው ፊታቸውን ትቶ ሙዚቃቸውን እንዲሰማ። ዲጄው ዴድማውስ የአይጥ ጭንቅላት ያጠልቃል፣ ሌላው ዲጄ ማርሽሜሎ ነጭ ባልዲ የመሰለ። አልባሳት አንዳንዴ ልታይ ልታይ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ መደበቂያ ነው። ቢሮ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የምትውል ልጅ ክንፍ ስታደርግ የሚመጣላትን ነፃነት አንተ በጥቁር ቲሸርትህ ታገኘዋለህ፣ እሷ በክንፏ። ደግሞም ጥቁሩስ ዩኒፎርም አይደለም እንዴ?

@ባለ ክንፏ፣ አሁን ስለ ዶቃው። ስሙ ካንዲ ነው። ገዝተሽ እንዳትሄጂ! ማለቴ ዶቃውን ግዢ፣ የተሠራውን አምባር አትግዢ። ነገሩ ራስሽ ሠርተሽ የምትሰጪው፣ ሌላው የሠራውን የምትቀበዪው ነው። እያንዳንዱ አምባር ላይ ፊደል ባላቸው ዶቃዎች አንድ ቃል ይጻፋል፦ የዘፈን ስም፣ ቀልድ፣ የጓደኛ ቅጽል፣ ያሻሽ።

ስትለዋወጡ ሥርዓት አለው። ሁለት ጣታችሁን ዘርግታችሁ ጫፍ ለጫፍ ታነካካላችሁ፣ ይህ ሰላም ነው። ቀጥሎ በእጃችሁ ግማሽ ግማሽ ልብ ሠርታችሁ ትገጥማላችሁ፣ ፍቅር። መዳፍ ለመዳፍ፣ አንድነት። ከዚያ ጣቶቻችሁን ታቆላልፉና፣ አክብሮት፣ እጃችሁን ሳትለቁ በሌላኛው እጅ አምባሩን ከራስሽ አንጓ እያንሸራተትሽ በተቆላለፈው ጣት ላይ አሳልፈሽ እሱ አንጓ ላይ ታሳርፊዋለሽ። አራቱ ቃላት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ዮርክ ሬቮች፣ ማለትም ሌሊቱን ሙሉ ከሚጨፈርባቸው ድግሶች፣ የመጡ ናቸው። በጽሑፍ ሲነበብ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስሙን የማታውቂው ሰው እጅሽን ይዞ ሲያደርገው ግን ሌላ ነው። እኔ መጀመሪያ የተቀበልኩት አምባር ላይ "ውሃ ጠጣ" ነበር የሚለው፣ እስካሁን አለኝ።

ክሩ የሚለጠጥ ይሁን። ቋጠሮው ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጊበት፣ አለዚያ ዶቃሽ ሳር ውስጥ ተበትኖ ይቀራል።

ሌሊቱን ሙሉ፦

ማንም ያላነሳውን ላንሳ፦ ቱታው። አንድ ወጥ ነው ብለሻል። ከላይ ክንፍ፣ ወገብ ላይ ባትሪ። እህቴ፣ ሽንት ቤት እንዴት ልትገቢ ነው? ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት፣ በጨለማ፣ ከውጭ 20 ሰው ተሰልፎ፣ አንቺ ውስጥ ቆመሽ መጀመሪያ ክንፉን፣ ከዚያ ቦርሳውን፣ ከዚያ ቱታውን እስከ ጉልበት። እና ምንም ነገር ወለሉን መንካት የለበትም። እኔ አድርጌዋለሁ። እጅጌዬ የት እንደገባ አልናገርም። ለሁለት ቁረጪው፣ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ ማንም አያውቅብሽም።

የእኔም ክንፍ ነበረ ለካ፣ ልንገራችሁማ። ከካርቶን የተሠራ የመልአክ ክንፍ። በሩ ላይ ፈታሹ "ይህ አይገባም፣ ትልቅ ነው" አለኝ። ዝርዝሩ ድረ ገጻቸው ላይ ነበር፣ እኔ አላነበብኩም። ለምኜ ለምኜ ገባሁ። በ2 ሰዓት ውስጥ ጤዛ ጠጥቶ ጎበጠ፣ ቀሪውን ሌሊት በብብቴ ይዤ ዞርኩ። እንደ ተሸነፈች ዶሮ ነበር የምመስለው። ስለዚህ የፌስቲቫሉን የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ዛሬውኑ አንብቢ። አንዳንዱ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ጭንብል ይከለክላል፣ አንዳንዱ የቦርሳ ዓይነት ይመርጣል።

ላባውም ቢሆን። ላባ ይረግፋል፣ አሜሪካ በረሃ ላይ የሚደረገው በርኒንግ ማን እንዲያውም ላባና ብልጭልጭ ይዛችሁ አትምጡ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም በረሃ ውስጥ ማን ይለቅመዋል? ያንቺ አንቴና ትንሽ ነገር ነው፣ የሚረግፈውን በስስ ማጣበቂያ ያዢው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሚያጠልቁትን ትልቁን የላባ ዘውድ ግን እንደ ጌጥ ማድረግ ነውር ነው፣ ካናዳ ውስጥ ባስ ኮስት የተባለው ፌስቲቫል በ2014 ከልክሎታል። አንቺ ይህን ልታደርጊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ላባ ስላነሳሽ ነው። ፊትሽ ላይ ብልጭልጭ ልትቀቢ ከሆነም ለዕደ ጥበብ የሚሸጠውን አይደለም፣ ለፊት ተብሎ የተሠራውን። የፕላስቲኩን ዱቄት የአውሮፓ ኅብረት ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከገበያ ማስወጣት ጀምሯል፣ አፈር ውስጥ ገብቶ አይጠፋም።

አንድ የመጨረሻ። ክንፍ ያለው ሰው ሲያዩ አንዳንዶች ሳይጠይቁ ይነካሉ፣ ይጎትታሉ። ጥብቅ ልብስ ሲያዩ ደግሞ ሌላም ይሞክራሉ። ልብስሽ ፈቃድሽ አይደለም። "እጅህን" በይና ወደ ጓደኞችሽ ሂጂ፣ ካልተወሽ ለጥበቃዎቹ ንገሪ። ስትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተስማሙ።

እማማ ቴክኖ፦

ሌሊቱን ሙሉ ጥሩ ብላለች። ጆሮ ረሳችሁ ግን። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተመራማሪዎች መመሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ ከዚያ 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንስ ይላል። 100 ላይ ስትደርሺ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ስፒከር አጠገብ 100 ምንም አይደለም። የጆሮ መሰኪያ ግዢ፣ ለሙዚቃ የተሠራው ዓይነት ድምፁን ሳያደበዝዝ ይቀንሰዋል። በክር አንቴናሽ ላይ ማንጠልጠል ትችያለሽ፣ ጌጥም ይሆናል። እኔ በወጣትነቴ አላደረግኩም፣ ዛሬ ግራ ጆሮዬ ውስጥ የሽቦና ሊድ ኢንቨርተር ሌት ተቀን "ጢጢጢ" ይላል።

የአንገት ልብስም ያዢ፣ ሰፋ ያለ። ሌሊት አቧራ ሲነሳ አፍንጫሽን ትሸፍኚበታለሽ፣ ሊነጋ ሲል ላቡ ሲበርድብሽ ትደርቢዋለሽ።

ሽቦና ሊድ፦

ስለ ብርሃን አንድ ጨምሬ ልሂድ። ባትሪ የማይፈልግ መብራትም አለ። ሰማያዊ ወይንጠጅ የሚመስለው ጥቁር መብራት ያለበት ድንኳን ካለ ነጭ ልብስ ብቻውን ያበራል፣ ምክንያቱም ብዙ የልብስ ሳሙና ውስጥ ያ ብርሃን ሲያርፍበት የሚፈካ ነገር አለ። ክንፉ ላይ በነጭ ክር የእሳት እራት ዓይን የመሰለ ክብ ጥለፊበት፣ በዚያ ሳሙና እጠቢው፣ ታያለሽ። አቧራና ብናኝም አብሮ ያበራል፣ እሱን ቻይው።

የሚሰበረው የብርሃን ዱላ ደግሞ ኬሚካል ነው፣ ሙቀት ሲያገኝ ይደምቃል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ውስጡ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ስላለ ቀደው ፊታቸው ላይ የሚቀቡትን አትምሰዪ።

ባለ ክንፏ፦

ከ6 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ምን ልበላችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

እማማ ባሉት መሠረት ፈተና አደረግኩ። ቡትሱን አጥልቄ፣ ሁሉንም ለብሼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ክፍሌ ውስጥ ጨፈርኩ፣ የሚያየኝ ድመቴ ብቻ ናት። 20ኛው ደቂቃ ላይ ቀኝ ክንፍ ጠፋ። የት ጋ? ብብት ጋ! 35ኛው ላይ ጥብጣቡ ከጨርቁ ተላቆ ተንጠለጠለ። ወደ መጨረሻው ቱታው ከላብ ብዛት ሥጋዬ ላይ ተጣብቆ ለማውለቅ አልጋው ላይ ተኝቼ ነው የጎተትኩት። በጨለማ ሽንት ቤት ሳስበው ዘገነነኝ።

እና ቀየርኩት። ሽቦው ወጥቷል፣ ሙሉውን። ክንፉ አሁን እንደ ሻርፕ የላላ ጨርቅ ነው፣ ጫፉን በላስቲክ ቀለበት ከመሃል ጣቴ ጋር አያይዤዋለሁ። እጄን ስዘረጋ ይከፈታል፣ ሳወርድ ይታጠፋል፣ የማንንም ቅንድብ አይስምም (@ጥቁር በጥቁር ይህ ለአንተ ነው)። መብራቱን ከጠርዙ አንስቼ በአከርካሪዬ ላይ ከአንገት እስከ ወገብ አወረድኩት፣ 40 አምፖል ብቻ፣ ቢጫ። እዚያ ብዙም አይታጠፍም። ቱታው ለሁለት ተቆርጧል። ሁለተኛውን ፈተና 2 ሰዓት ጨፈርኩ፣ ምንም አልጠፋም፣ ተረከዜ ብቻ ትንሽ ቀላ።

11 አምባር ሠርቻለሁ። አንዱ ላይ "ኮንታክት" ብዬ ጽፌያለሁ።

የቀረኝ አንቴናው ነው። ስዘል ወደ ኋላ እየተዘረጋ ይወዛወዛል፣ ከኋላዬ ያለውን ሰው ይከልል ይሆን? ላሳጥረው ወይስ ልተወው?

ጥቁር በጥቁር፦

ተይው። ከፊቴ አትቁሚ እንጂ።